በወርቁ ላይ ያለው ስስ ሽፋን

ኮምቦልቻ ውስጥ ሰርግ ላይ የማታጨበጭብ ሴት ካለች ሥራዋን መጠየቅ አያስፈልግም፤ እጅ ናት። እጆች አያጨበጭቡም። ሽንኩርት አይከትፉም፣ ልብስ አያሹም፣ ሰው ሲያገኙ በትከሻ ብቻ ሰላም ይላሉ። ከቤት ሲወጡ ነጭ የጥጥ ጓንት ያጠልቃሉ፤ ሹፌር የሌላቸው ባጃጆች ጓንቱን ሲያዩ በራቸውን ራሳቸው ይከፍታሉ። በከተማዋ ወደ ሦስት ሺህ የሚጠጉ እጆች አሉ። የሚሠሩት ቦርከና ወንዝ አጠገብ፣ ድሮ የክር መጋዘን በነበረ ረጅም አዳራሽ ውስጥ ነው። የሚያጸዷቸው ቤቶችና የሚያሳድጓቸው ልጆች ግን ሁሉም ከባሕር ማዶ ናቸው። ከእነሱ በፊት የነበሩት ሴቶች ለዚህ ዓይነቱ ሥራ በአውሮፕላንና በጀልባ፣ አንዳንዶቹም በረሃውን በእግራቸው አቋርጠው ይሄዱ ነበር። አሁን የሚሄደው እጅ ብቻ ነው።

ሉባባ አራጋው እጅ ከሆነች ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ትደርሳለች። መግቢያው ላይ እስከ ክርኗ ትታጠባለች፤ ማሽኑ ጥፍሮቿን አይቶ ያሳልፋታል። ከዚያ ቁጥር 614 ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ክንዶቿን ወደ ሥራው ጓንት ትሰዳለች፤ ጓንቱ እስከ ክርኗ ይውጣቸዋል። መነጽሩ ዓይኗ ላይ ይወርዳል። በዚያች ቅጽበት፣ ስሟን በማታውቃት ከተማ፣ ወጥ ቤት ጥግ ላይ የቆመ አንድ ቁመተ ረጅም ነገር ሁለት የወርቅ እጆቹን ከፍ ያደርጋል። የወርቅ ጣቶቹ የነኩትን ሁሉ ሉባባ በጣቶቿ ታገኘዋለች።

የከተማዋን ስም ለእጆች መንገር ክልክል ነው። ሉባባ ግን መስኮት ባገኘች ቁጥር ታያለች። በረዶ አለ፤ የመርከብ ጥሩምባ ይሰማል፤ በታኅሣሥ ፀሐይዋ ብቅ ብላ ወዲያው ትመለሳለች። በ615 ላይ የምትቀመጠው፣ የሐይቅ ሰው የሆነችው ደብሪቱ፣ በምሳ ሰዓት ሳቅ እያለች «አሁንም አላገኘሻትም?» ትላታለች። ደብሪቱ በዕድሜ ትበልጣታለች፤ ለአሥራ ሦስት ዓመት አንድ ሽማግሌ ስታጥብና ስታጎርስ ኖራለች፤ የእሷ መስኮት የሚያሳየው ግንብ ብቻ ነው።

ሉባባ ልጅቷን የተረከበቻት የስምንት ወር ሕፃን ሳለች ነው። ቲልዳ ትባላለች። እናቷ በቤቱ የለችም፤ የት እንዳለች ለሉባባ የነገራት የለም፣ እሷም አልጠየቀችም። አባትየው ዝምተኛ ነው። ጠዋት ጫማውን በሩ ላይ እያጠለቀ «ደህና ዋሉ» ይላል፤ ለማን እንደሚል አይታወቅም። የመጀመሪያዋ ጥርስ ድዷን ስትገፋ ያገኘቻት የሉባባ ጣት ናት። ቲልዳ ስትቆም የያዘችው ያንኑ ጣት ነው፤ ስትራመድ የለቀቀችውም እሱን ነው። ስም መንገርም ክልክል ነው። ልጅቷ በአራት ዓመቷ ስትጠይቃት ግን ሉባባ ነገረቻት። አስተርጓሚው ማሽን የምትናገረውን ሁሉ ወደ ልጅቷ ቋንቋ ሲገለብጥ ስምን እንዳለ ያሳልፋል። «ሉባባ» አለች ቲልዳ፤ ከንፈሮቿ ሁለቴ ገጠሙ፤ ደስ ብሏት ቀኑን ሙሉ ስትለው ዋለች።

ነገሩ የጀመረው በጥር፣ አንድ ማክሰኞ ነው። ቲልዳ ሰባተኛ ዓመቷን ይዛለች። ሉባባ ከኋላዋ ሆና ፀጉሯን ትጎነጉናለች። የቲልዳ ፀጉር የሚያንሸራትት ነው፣ ሹሩባ አይዝም፤ ልጅቷ ግን ካልተሠራልኝ ብላ ታስቸግራለች። ሉባባ በቀኝ እጇ አውራ ጣትና ሌባ ጣት መካከል አንዲት ጉንጉን እንደያዘች ድንገት ቆመች። ፀጉሩ ዘለላ ዘለላ ሆኖ ተሰማት፤ እያንዳንዱ ለብቻው፣ ከሥሩ ጋር። የልጅቷን አንገት ነካች። ደም ሥሯ ከጣቷ ሥር ቲክ ቲክ ይላል። እንዲህ ያለ ነገር በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አግኝታ አታውቅም።

ምን እንደሆነ ግን አውቃዋለች። በሥልጠናው ሦስት ቀን ሙሉ ስለ ሌላ ነገር አልተወራም ነበር። የጣቱ ገጽ ወርቅ ነው። በወርቁ ላይ አንድ ሞለኪውል ብቻ የሚወፍር ሽፋን አለ፤ ሞለኪውሎቹ እንደ ጤፍ ማሳ ተጠጋግተው ቆመዋል። ከሽፋኑ ላይ ሌላ ስስ ብረት ተነጥፏል። ጣቱ አንድ ነገር ሲነካ ሽፋኑ በትንሹ ይጨመቅና ኤሌክትሮኖች ከአንዱ ብረት ወደ ሌላው ይሻገራሉ። «በር አይፈልጉም» ብሎ ነበር አሠልጣኙ። «ሽፋኑ አይከፈትላቸውም፣ እነሱም አይበሱትም። እዚህ የነበረው ማዶ ይገኛል፣ በቃ። ሽፋኑ በአንድ አቶም ባጠረ ቁጥር ደግሞ የሚሻገሩት እጥፍና ከእጥፍም በላይ ይሆናሉ።» ጣት ሲያረጅ ሞለኪውሎቹ ይጋደማሉ፣ ሽፋኑ ይሳሳል፣ ስሜቱ ይበረታል። ሲያልቅ ብረትና ብረት ይገናኛሉ፤ ያኔ ጣቱ ይደነቁራል። የደነቆረ ጣት ምን ያህል እየጨበጠ እንደሆነ አያውቅም። ስለዚህ ስሜት የበረታባት እጅ በዚያው ቀን ቢጫውን ቁልፍ እንድትጫን ታዟል።

ቢጫው ቁልፍ በግራ ጉልበቷ በኩል ነው። ሉባባ ጉልበቷን ወደ ቀኝ ዞር አደረገች።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት አንዱ ከሌላው የተለዩ አልነበሩም፤ ለሉባባ ግን እንደነሱ ያለ ጊዜ አልነበራትም። ቲልዳ ስትተኛ መዳፏን ጀርባዋ ላይ አድርጋ ትንፋሿን ታዳምጣለች። ስትስቅ ሳቁ መጀመሪያ ትከሻዋ ላይ ሲነሳ ይሰማታል። አንድ ቀን የልጅቷን ሽፋሽፍት ከጉንጯ ላይ ስታነሳ አንዲቷን ፀጉር በጣቶቿ መካከል እያገላበጠች ቆየች። «ምን ሆንሽ?» አለቻት ቲልዳ። «ምንም፤ እያየሁሽ ነው» አለች። አስተርጓሚው አባትየው በመረጠው ድምፅ አስተላለፈው።

ቤቷ ግን ሌላ ነበር። ሉባባ ከባሏ ከተለያየች ቆይታለች፤ ከእሷ ጋር የምትኖረው አንዲት ልጇ ነጃት ናት፣ አሥራ አንድ ዓመቷ። ድሮም ከጓንት የወጣ እጅ ለጥቂት ሰዓት ይደነዝዛል፤ ሁሉም እጆች ያውቁታል። አሁን ግን መደንዘዙ አልለቅ አላት። ማበጠሪያ ስትይዝ በካልሲ ላይ እንደያዘችው ነው። የሻይ ብርጭቆ ሁለቴ ከእጇ አመለጣት። የቧንቧው ውሃ ቀዝቃዛ ይሁን ሙቅ ለማወቅ እንፋሎቱን ትመለከታለች።

«እማ፣ እያበጠርሽኝ ነው ወይስ እየጎተትሽኝ?» አለቻት ነጃት አንድ ጠዋት።

«ዝም ብለሽ ቁጭ በይ፣ አትንቀጥቀጪ።»

«አልተንቀጠቀጥኩም። አንቺ ነሽ።» ነጃት ማበጠሪያውን ከእጇ ወስዳ ራሷ አበጠረች። ከዚያ ቀን ጀምሮ አበጥሪኝ ብላ አልመጣችም፤ ሉባባም ነይ አላለቻትም።

በየካቲት መጨረሻ፣ ረቡዕ ጠዋት፣ ነጃት ከአልጋዋ ዘግይታ ተነሳች። «ሰውነቴን ይቆረጥመኛል» አለች። ሉባባ ጫማዋን እያሰረች ነበር። ተጠግታ መዳፏን ግንባሯ ላይ አደረገች። ጠበቀች። እጇ ምንም አላላትም።

«ትኩሳት የለሽም የኔ እናት። ሻይሽን ጠጪና ሂጂ።»

አዳራሹ ደርሳ፣ ታጥባ፣ ክንዶቿን ወደ ጓንቱ ሰደደች። ቲልዳ ወጥ ቤት ውስጥ ወተቷን ይዛ ተቀምጣለች። ሉባባ ሳህን ልታነሳ ስታልፍ የእጇ ጀርባ የልጅቷን ጉንጭ ነካ አደረገው። ቆመች። በሁለት ጣቷ ጆሮዋ ሥር ነካቻት። ግማሽ ዲግሪ ብትሞቅ ነው፣ ከዚያ አይበልጥም፤ ልጅቷ ራሷ ገና አላወቀችውም። ሉባባ አልጋ ላይ አስተኛቻት፣ ለአባትየው መልእክት ላከች፣ መጋረጃውን ጋረደች፤ ከዚያ የወርቅ መዳፏን ግንባሯ ላይ አድርጋ ስድስት ሰዓት ሙሉ ተቀመጠች። ምሳ አልወጣችም። ከሰዓት በኋላ ልጅቷ ላብ ላብ ብሏት ቀለል ሲላት የላቡን እያንዳንዱን ነጠብጣብ አገኘችው።

ሥራ ጨርሳ ስልኳን ከሣጥኑ ስታወጣ አሥራ አንድ ጥሪ አገኘች። ነጃት ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ወድቃ ጤና ጣቢያ ወስደዋታል።

ወባ ነበር። ነርሷ ወጣት ናት፣ አልተቆጣችም። ወረቀቷን እየሞላች ጠየቀች፦ «አርባ ነጥብ ስድስት ነው የመጣችው። ጠዋት ትኩሳት አልነበራትም?»

«ነክቻት ነበር» አለች ሉባባ።

«እና?»

ሉባባ ወደ ልጇ ዞረች። ነጃት ከንፈሯ ደርቆ፣ ዓይኗ ቀልቶ ተኝታለች፤ ክንዷ ላይ ግሉኮስ ተሰክቷል። ሉባባ ነጭ ጓንቷን አውልቃ መዳፏን እንደገና ግንባሯ ላይ አደረገች። አሁንም ምንም። ይህን ያህል እየነደደች፣ ሰው ሁሉ እየነገራት፣ እጇ ዝም አለ። ጎንበስ ብላ ከንፈሯን የልጇ ግንባር ላይ አሳረፈች። አቃጠላት። እዚያው ጎንበስ እንዳለች ቆየች፤ ነርሷ ወጥታ በሩን ገርበብ እስክታደርግላት ድረስ።

ነጃት በአራተኛው ቀን ተነስታ ተቀመጠች። በአምስተኛው ቀን ሉባባ የወርቅ እጆቹን የሚጠግነውን ባለሙያ ሙሄን ልታናግር ገባች። ሙሄ ከእሷ የሚያንስ፣ ቀጭን፣ ሁልጊዜ አንድ ነገር ሲፈታታ የሚገኝ ሰው ነው። ያለችውን ከሰማ በኋላ የ614 ወንበርን መዝገብ ከፍቶ አየ፤ ከዚያ እሷን አየ።

«ጥር ላይ? አርባ ሦስት ቀን?»

«አዎ።»

«ሉባባ፣ ጣቱ ቢደነቁር የልጅቷን ክንድ እንደ እንጨት ትሰብሪው ነበር። ሳታውቂው።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን?»

«ትንፋሿ ይሰማኝ ነበር» አለች ሉባባ።

ሙሄ የያዘውን ብሎን አስቀመጠ። ከዚያ ቀስ ብሎ ያለውን ነገራት። ጣቶቹ ዛሬውኑ ይቀየራሉ። አዲሱ ዓይነት ሽፋኑ በአራት አቶም ይረዝማል፤ አያልቅም፣ አይደነቁርም፣ ከመጫን በቀር ግን ብዙ አይሰማም። ለሁሉም እጆች እየተላከ ያለው እሱ ነው። የደነዘዘው የእጇ ነርቭ ግን የሚመለሰው ከሥራው ጓንት ሙሉ በሙሉ ከራቀች ብቻ ነው፤ በትንሹ አምስት ወር።

«ከልጅቷ ጋር ሆኜ አይመለስም?»

«አይመለስም። ከሁለቱ አንዱን ነው።»

ሉባባ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየች። «ነገ ውዬ ላቁም» አለች። «ላስረዳትና ልሰናበታት።»

«መዋሉን ዋይ። መሰናበት ግን አይፈቀድም፤ ታውቂያለሽ።» ዓይኗን ላለማየት ወደ ሥራው ዞረ። «ድምፁ ያው ነው፣ ቁመናው ያው ነው። ቦታሽን የምትይዘው ሌላ ናት፣ ያ ብቻ ነው። ልጆቹ አያውቁም ነው የሚሉት።»

«የሚሉት እነማን ናቸው?»

«ልጅ ያልያዙት» አለ ሙሄ።

በማግስቱ ሉባባ ክንዶቿን ስትሰድ ሌላ ቤት የገባች መሰላት። ወጥ ቤቱ ያው ነው፣ መስኮቱም ያው፤ ጭቃ የለበሰ በረዶ ጥግ ጥጉን ቀርቷል። ስኒ አነሳች፤ ስኒው ክብደት ብቻ ነው። ቲልዳ እየሮጠች መጥታ ወገቧ ላይ ተጠመጠመች፤ ሉባባ ጀርባዋን ስትዳብስ ያገኘችው አንድ የሚገፋ ነገር ነው፣ ሞቃት ይሁን ቀዝቃዛ፣ ሹራብ ይሁን ቆዳ የማይታወቅ። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ አየቻት። አንገቷ ላይ ያለችውን ማርያም ሳመችኝ፣ እግሯን ወደ ውስጥ አዙራ የምትቀመጠውን አቀማመጥ፣ ሥዕል ስትስል ምላሷን የምታወጣውን ነገር። ሹሩባውንም በዓይኗ ሠራችላት።

«ዛሬ ቀስ ብለሽ ነው የምትጎነጉኚው» አለች ቲልዳ።

«ደክሞኝ ነው።»

«እጅ ይደክመዋል?»

«ይደክመዋል።»

ቲልዳ አሰበችበት። ከዚያ ሁለቱን የወርቅ እጆች ወደ ፊት ጎትታ ጭኗ ላይ አስቀመጠቻቸውና እንዲያርፉ በስካርፏ ሸፈነቻቸው። ሉባባ አላነሳቻቸውም። የሰዓቱ ደወል እስኪደወል ድረስ ከኋላዋ ጎንበስ ብላ ቆመች። በየቀኑ ሲለያዩ «ነገ» ትላት ነበር። ያን ቀን «ደህና እደሪ» አለቻት። መነጽሩ ከዓይኗ ሲነሳ ቲልዳ ቀና እያለች ነበር፤ ፊቷን ግን አላየችውም።

ሉባባ ከወንዙ ማዶ ባለው የችግኝ ጣቢያ ሥራ አገኘች። አፈር በባዶ እጅ ማፈስ፣ ችግኝ ማዛወር፣ ውሃ ማጠጣት። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት እሾህ ወግቷት የምታውቀው ደሙን ስታይ ነበር። በሰኔ አፈሩ እርጥብ መሆኑን ማወቅ ጀመረች። በሐምሌ አንድ ቅዳሜ ነጃት ራሷ ማበጠሪያውን ይዛ መጥታ ጉልበቷ ሥር ተቀመጠች። ሉባባ ፀጉሯን ስትከፍል ከጆሮዋ ኋላ አንዲት ሸካራ መስመር አገኘች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ሁለተኛ ክፍል እያለሁ ከዥዋዥዌ ወድቄ ነዋ። ሁለት ጊዜ ተሰፍቷል።»

«አልነገርሽኝም።»

«ነግሬሽ ነበር» አለች ነጃት። በወቀሳ አልነበረም። ራሷን ወደ እናቷ ጉልበት ደገፍ አደረገች፤ ሉባባም ጠባሳውን በጣቷ ከዳር እስከ ዳር ሄደችበት።

ሌላኛዋን አልረሳቻትም። ችግኝ ስታነሳ፣ ውሃ ስትቀዳ፣ ትዝ ትላታለች። ከተማዋን መፈለግም አልተወችም፤ በምሳ ሰዓት የሰሜን ወደቦችን ፎቶ እየገለበጠች መስኮቱን ትፈልጋለች። አንድ ጊዜ ያገኘችው መስሏት ነበር፤ የሕንፃው ጣሪያ ግን ሌላ ነበር።

በነሐሴ ዝናቡ ባባራበት አንድ ከሰዓት፣ ከችግኝ ጣቢያው ወደ ቤቷ ስትሄድ ባጃጅ ማቆሚያው ላይ ደብሪቱን አገኘቻት። በትከሻ ተሳሳሙ። ደብሪቱ ነጭ ጓንቷን አጥልቃለች። ሽማግሌው በግንቦት መሞቱን ነገረቻት። አለቀሰች፣ ዓይኗን በክንዷ ጠረገች። ከዚያ ዙሪያዋን አየች።

«ያንቺን ቤት ነው የሰጡኝ» አለች።

ሉባባ ክንዷን ያዘቻት። «እትዬ ደብሪቱ፣ ደህና ናት?»

«አልሃምዱሊላህ፣ ደህና ናት። ፀጉሯን ቆርጠውታል። ጥርሷ ወልቋል፣ ፊት ለፊት ሁለቱ።» ደብሪቱ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ ስፈልግሽ ነበር። ጠዋት ስገባ የምታደርገው ነገር አለ። መጀመሪያ እሱን ሳታደርግ አታናግረኝም። ምን እንደሆነ አላወቅሁም።»

«ምን ታደርጋለች?»

ደብሪቱ መንገድ ላይ የማይደረገውን አደረገች። ቀኝ ጓንቷን አወለቀችና የሉባባን ሌባ ጣትና መሐል ጣት ያዘች። ሦስት ጊዜ ጫን ጫን አደረገቻቸው፤ ሁለቴ አከታትላ፣ ትንሽ ቆየት ብላ ደግሞ አንዴ።

ይህን ሉባባ ለማንም ተናግራው አታውቅም፤ ለሙሄም፣ ለነጃትም። ቲልዳ አምስት ዓመቷ እያለ አንድ ቀን ሉባባ ታማ ቀርታ ሌላ እጅ ተተክታላት ነበር። በማግስቱ ልጅቷ ተጠራጥራ አልጠጋም አለቻት፤ ከዚያ ራሷ አንድ መላ ፈጠረች። ሦስት ጊዜ ጫን ካደረገች፣ «አንቺ ነሽ?» ማለት ነው። ሉባባ ከሆነች በአውራ ጣቷ አንድ ጊዜ፣ ረዘም አድርጋ ትመልሳለች። ያን ጊዜ ልጅቷ ትስቅና ቁርስ ትበላለች።

«ስንት ጊዜ ሞክራለች?» አለች ሉባባ።

«በየቀኑ። ከመጋቢት ጀምሮ አራት እጅ ቀይረውላታል። እኔ ከገባሁ ሦስተኛ ወር ሆነኝ፤ አንድ ቀን አልተወችም። ዝም ስላት እጄን መልሳ ታስቀምጠዋለች። አታለቅስም፣ ምንም።» ደብሪቱ ተጠጋቻት። «ታውቂዋለሽ አይደል? ንገሪኝና ልመልስላት። ቢያንስ ደስ ይላታል።»

ሉባባ ልትነግራት አፏን ከፈተች። አንድ ጊዜ፣ በአውራ ጣት፣ ረዘም አድርገሽ። ይኸው ነው፤ ከዚያ በላይ አይደለም። ነገ ጠዋት ቲልዳ ትስቃለች፣ በወለቀው ጥርሷ። እሷም በዚያ ቤት ውስጥ ትኖራለች፤ ልጅቷ አድጋ መጠየቁን እስክትተው ድረስ።

«ድገሚልኝ» አለች።

ደብሪቱ ደገመችላት። ሁለቴ፤ ቆየት ብላ አንዴ። የሉባባ ጣቶች አሁን ሁሉንም ያገኛሉ፤ የደብሪቱን ቆዳ ድርቀት፣ የጥፍሯን ጠርዝ፣ ከማቆሚያው ጣሪያ ወርዶ በእጆቻቸው መካከል የገባውን የዝናብ ጠብታ።

«አንቺ ነሽ ወይ ነው የምትለው» አለች ሉባባ።

«ወይ ልጄን... ታዲያ ምን ልበላት?»

«አይደለሁም በያት።»

«ሉባባ!»

«ሉባባ ሄዳለች በያት። ስሜን ታውቀዋለች፤ ማሽኑ ስም ያሳልፋል። ስሄድ መናገር ከልክለውኝ ነው በያት፣ ስለጠላኋት አይደለም። ከዚያ የራስሽን ስም ንገሪያት። ስትቀየም ተያት። ሁለት ሦስት ቀን አትበላልሽም ይሆናል። ወተቱን ሞቅ አድርጊላት፣ ስኳር አትጨምሪበት።»

ባጃጁ መጥቶ የደብሪቱን ነጭ ጓንት ሲያይ በሩን ከፈተ። ደብሪቱ አንድ እግሯን አስገብታ ዞረች። እጇን ገና አልለቀቀችም ነበር፤ የለቀቀቻት ሉባባ ናት።